«ፕሮግራመር ጠፋ» ሲሉ የነበሩ ኩባንያዎች በጓዳ የተስማሙት

ማርች 7 ቀን 2007 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው በአደባባይ የሆነ ነው። የማይክሮሶፍቱ ቢል ጌትስ ዋሽንግተን ላይ ሴኔት ፊት ቀረበ። አሜሪካ በቂ የኮምፒውተር ባለሙያ የላትም፣ ኩባንያዎች የሚቀጥሩት ሰው እያጡ ነው አለ። ከውጭ አገር ባለሙያ የሚገባበት የኤች ዋን ቢ ቪዛ ኮታ እንዲነሳም ጠየቀ።

ሁለተኛው በጓዳ የሆነ ነው። በዚያው ቀን የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ለጉግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለኤሪክ ሽሚት አጭር ኢሜይል ላከ። አንድ የጉግል መልማይ ለአንድ የአፕል ኢንጂነር ሥራ አለ ብሎ ጽፎለት ነበር። ጆብስ «የቅጥር ክፍላችሁ ይህን ማድረጉን ቢያቆም በጣም ደስ ይለኛል» አለ። ሽሚት ኢሜይሉን ወደ ሰዎቹ አስተላለፈው። ከአፕል ላለመመልመል ፖሊሲ አለን ብዬ አምናለሁ፣ ይህን አስቁሙ፣ ለምን እንደሆነም ንገሩኝ የሚል ነበር መልእክቱ። የጉግል የቅጥር ኃላፊ የሰጠው መልስ፣ ደብዳቤውን የጻፈው ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሥራ ይሰናበታል የሚል ነው። ሌላዋ የጉግል ኃላፊ ደግሞ ስንብቱ ለመልማዮቹ ሁሉ መቀጣጫ ይሁን አለች። መልሱ አፕል ሲደርስ ጆብስ ለራሱ ሰዎች አስተላለፈው። ከላዩ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈገግታ ምልክት።

ማይክሮሶፍት፣ አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላለመመልመል በድብቅ ተስማምታችኋል ተብለው በኋላ ከተከሰሱት ኩባንያዎች ውስጥ የለም፤ ይህን ከአሁኑ ልበል። ግን ያን ሰሞን «ሰው አጣን» ይል የነበረው ማይክሮሶፍት ብቻ አልነበረም። ከ3 ወር በኋላ፣ በጁን 2007፣ የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ ላዝሎ ቦክ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስለዚያው ቪዛ ተከራከረ። ኮታው ስለሞላ ልንቀጥራቸው የመረጥናቸውን ሰዎች አጣን አለ። በአደባባይ ሰው አጣን የሚል ኩባንያ፣ ሰው ሊቀጥር የሞከረ ሠራተኛውን በአንድ ሰዓት ያባርራል። በእውነት የፕሮግራመር እጥረት አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ እኔ ከማውቃቸው ጉዳዮች ሁሉ እንደዚህ ነገሩን ገልጦ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ወጣት «ዓለም ፕሮግራመር ተጠምታለች» እየተባለ ነው ኮምፒውተር ሳይንስ የሚመርጠው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ ታክሲውን አቁሞ፣ የሌሊት ሥራውን ቀንሶ አይቲ ኮርስ የሚገባው በዚሁ ተስፋ ነው። ብዙዎች ተሳክቶላቸዋል፣ ቤተሰብ አቁመውበታል። ብዙዎች ደግሞ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ወራት ይጠብቃሉ። «እጥረት» የሚባለው ነገር ከውስጥ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሁለቱም ይጠቅማል።

እጥረት ምን ማለት ነው?

ሽንኩርት ከገበያ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለሐበሻ መንገር አያስፈልግም። ዋጋው ይሰቀላል። ዋጋው ባለበት ቆሞ ነጋዴው «ሽንኩርት የለም» ቢል ነገሩን ማንም አያምነውም።

የሰው ጉልበትም ከዚህ ብዙ አይለይም። ኢኮኖሚስቶቹ ኬኔት አሮውና ዊሊያም ካፕሮን በ1959 ስለ አሜሪካ ኢንጂነሮችና ሳይንቲስቶች ይህንኑ ጽፈዋል። ፍላጎት እየጨመረ ሲሄድ ደመወዝ ወዲያው አይከተልም፤ ይዘገያል። በዚያ መሀል ቀጣሪዎች ሰው አጣን ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። በአሮጌው ዋጋ አያገኙም። ደመወዙ ሲደርስበት ግን እጥረቱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ መታየት ያለበት ኩባንያው የሚለው አይደለም። ደመወዙ ወዴት እየሄደ እንደሆነና ማን ምን እያደረገው እንደሆነ ነው።

የአሜሪካው ጩኸትም በ2007 የተጀመረ አይደለም። በ1997 የዘርፉ ማኅበር 190 ሺህ ክፍት የአይቲ የሥራ ቦታ ሰው አጥቷል ብሎ ነበር። መንግሥትም ይህን ተቀብሎ ሪፖርት አወጣ። በ1998 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ያን ሪፖርት መርምሮ ማስረጃው ደካማ ነው አለ። ኮንግረስ ግን የቪዛ ኮታውን ከ65 ሺህ ወደ 115 ሺህ፣ ከዚያም ወደ 195 ሺህ አሳደገው። ወዲያው ዶት ኮም የሚባሉት የኢንተርኔት ኩባንያዎች ተንኮታኮቱ። «የለም» ሲባል የነበረው ፕሮግራመር በየቤቱ ሥራ ፈት ሆነ። በ2004 ኮታው ወደ 65 ሺህ ተመለሰ። የእኛ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ስምምነቱ

ካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ የቆየ ሕግ አላት። ቀጣሪ ሠራተኛውን «ከእኔ ከወጣህ ተፎካካሪዬ ጋ አትሠራም» ብሎ በውል ማሰር አይችልም። የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች መናኸሪያ የሆነው የካሊፎርኒያው ሲሊከን ቫሊ የተገነባው በዚህ ነፃነት ነው። ኢንጂነሩ ዛሬ እዚህ፣ ነገ መንገዱን ተሻግሮ እዚያ ነው። እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ሠራተኛውን በውል ማሰር ያልቻሉ አለቆች ያገኙት ዘዴ፣ ሠራተኛውን ትተው እርስ በርሳቸው መታሰር ነበር።

ሥሩ ከፊልም ሥራ ይመጣል። የፊልም ሠሪው ጆርጅ ሉካስ የኩባንያውን የሉካስፊልምን የኮምፒውተር ክፍል በ1986 ለስቲቭ ጆብስ ሸጠ። ያ ክፍል የአኒሜሽን ፊልም ሠሪው ፒክሳር ሆነ። ሉካስፊልምና ፒክሳር ሰው ላለመነጣጠቅ ተስማሙ። አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ራሱ ደውሎ አይጠራም። ሠራተኛው በራሱ ፍላጎት መጥቶ ቢያመለክት እንኳ ሥራ ሲሰጡት ለአሁኑ ቀጣሪው ይነግራሉ። አንዴ ደመወዝ ከጠሩለት በኋላ ደግሞ ተጫርተው አይጨምሩለትም። ሉካስ ኋላ በምስክርነቱ በግልጽ ተናግሮታል። ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር የዋጋ ጨረታ ውስጥ መግባት አንችልም ነበር፣ ለዚያ የሚሆን ትርፍ የለንም አለ። እኔ ይህን ሰው አልወቅሰውም ማለቴ አይደለም። ግን ቢያንስ ነገሩን በስሙ ጠርቶታል። ያስጨነቀው የሰው መጥፋት ሳይሆን የሰው ዋጋ ነው።

በፌብሩዋሪ 2005 ዘዴው ወደ ትልልቆቹ ተሻገረ። ጉግል በአፕል የሳፋሪ ብራውዘር ቡድን ላይ ዓይኑን ጥሎ ነበር። ጆብስ ለጉግሉ መሥራች ለሰርጌ ብሪን ደወለ። ብሪን ለራሱ ሰዎች በኢሜይል እንደነገራቸው፣ ጆብስ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን እንኳ ብትቀጥሩ ጦርነት ነው ብሎታል። ወር ሳይሞላ የአፕል የሰው ኃይል ኃላፊ ለመልማዮቿ ጻፈች። ጉግልን ከማይነኩት ዝርዝር ውስጥ አስገቡ፣ አንዳችን ከሌላችን ላለመመልመል ተስማምተናል አለች።

የፎቶሾፕ ሠሪው የአዶቢ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይበልጥ ውስጡን ያሳያል። በሜይ 2005 ጆብስ ለአዶቢ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለብሩስ ቺዘን ጻፈ። እኔ ከእናንተ አልመለምልም፣ እናንተ ግን ከእኔ እየወሰዳችሁ ነው፣ ከሁለት አንዳችን ፖሊሲያችንን መቀየር አለብን፣ ማን እንደሆነ ንገረኝ አለ። ቺዘን የተስማማነው ስለ ከፍተኛ ኃላፊዎች ብቻ መስሎኝ ነበር፣ በዚያው እንቀጥል አለ። ጆብስ እሺ አለ። እንግዲያው ከከፍተኛ ዳይሬክተር በታች ያለውን የአዶቢ ሠራተኛ ሁሉ ማናገር ትችላላችሁ ብዬ ለመልማዮቼ እነግራለሁ፣ በትክክል ተረድቼሃለሁ? ብሎ መለሰለት። ይቺን ሲያይ ቺዘን ሐሳቡን ለወጠ። ከሁለቱም ወገን ማንንም ሠራተኛ ላለመመልመል ብንስማማ ይሻለኛል አለ። ሁለት ሰዎች በጥቂት መስመር ተጻጻፉ፤ የሺዎች ሠራተኞች የድርድር አቅም በዚያው ቀነሰ። ከሺዎቹ አንዱም አልሰማም።

ሌሎቹም በተመሳሳይ መንገድ ገቡ። ጉግል ከቺፕ አምራቹ ኢንቴል ጋር፣ ጉግል ከሒሳብ ሶፍትዌር ሠሪው ኢንቱዊት ጋር፣ አፕል ከፒክሳር ጋር። ሰዎቹ ይተዋወቃሉ። ሽሚት የአፕል ቦርድ አባል ነበር። የኢንቴሉ ፖል ኦተሊኒ የጉግል ቦርድ አባል ነበር። የኢንቱዊቱ ሊቀመንበር ቢል ካምቤል በአፕል ቦርድ ተቀምጦ የጉግል አለቆችን ያማክር ነበር። ጆብስ ራሱ የፒክሳርም የአፕልም አለቃ ነበር። ወረቀት አያስፈልጋቸውም። ኦተሊኒ በ2007 ለአንድ ባልደረባው ሲጽፍ የተፈረመ ነገር የለንም፣ በእኔና በኤሪክ መካከል የእጅ መጨባበጥ ስምምነት ነው፣ በሰፊው እንዲታወቅ አልፈልግም ብሏል። ሽሚት ደግሞ በ2005 ነገሩ ለተፎካካሪዎች እንዴት ይነገር ተብሎ ሲጠየቅ፣ በቃል ቢሆን ይሻላል፣ በኋላ የምንከሰስበት ወረቀት መፍጠር አልፈልግም አለ። ይህን ያለው በኢሜይል ነው።

ሕጋዊ ነው ብሎ ያመነ ሰው እንዲህ አይጽፍም። ከዚያ በኋላ የመጣው የጠበቆች ክርክር ሁሉ ይህን ከልቤ አላወጣልኝም።

አንድ ስልክ ምን ያደርጋል?

«አልተደወለላቸውም እንጂ ማመልከት አልተከለከሉም፤ ታዲያ ምን ጎደለባቸው?» የሚል ይኖራል። የኩባንያዎቹም አንዱ መከራከሪያ ወደዚህ የቀረበ ነበር። መልሱ ያለው ቅጥሩ በሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው።

ጎበዝ ፕሮግራመር ሥራ ፈላጊ አይደለም። ሥራ ላይ ነው። ማስታወቂያ አያገላብጥም፣ ሲቪ አይበትንም። የሚገኘው ራስህ ስትደውልለት ነው። ስልኩ ሲመጣ ሰውየው ሥራ ባይቀይር እንኳ አንድ ነገር ያውቃል፤ ገበያው ምን ያህል ሊከፍለው እንደተዘጋጀ። በማግስቱ አለቃው ቢሮ ገብቶ «እዚያ ይህን ያህል ተብያለሁ» ይላል። አለቃው ይጨምርለታል፣ ወይ ያጣዋል።

ነገሩ በእሱ አያበቃም። እነዚህ ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሉት በእርከን ነው። እኩል ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ብዙ እንዳይራራቅ ይጠነቀቃሉ፣ ምክንያቱም ወሬው መውጣቱ አይቀርም። ለአንዱ ሲጨመር ጎኑ ያለው ይጠይቃል፣ ከእሱ በላይ ያለውም ይጠይቃል። እርከኑ እንዳለ ወደ ላይ ይነሳል። ለከሳሾቹ የመሰከረው የዩሲኤልኤ ኢኮኖሚስት ኤድዋርድ ሊመር ያስረዳው ይህንን ነው። ስልኩ ሲቋረጥ የተጎዳው ሊደወልለት የነበረው ሰው ብቻ አይደለም። ስሙን ማንም መልማይ የማያውቀው የጎኑ ሠራተኛም ነው። ስምምነቱ የቆረጠው ዋጋ ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን መንገድ ነው።

እምቢ ያሉት

ሁሉም እሺ አላለም። በኦገስት 2007 ጆብስ ለስልክ አምራቹ ለፓልም ኩባንያ አለቃ ለኤድ ኮሊጋን ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረበ። ኮሊጋን በጽሑፍ መለሰ። ሠራተኞቹ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ሳይታይ አንዳችን የሌላውን ሠራተኛ አንቀጥርም ብለን መስማማት ስህተት ብቻ ሳይሆን ሕገወጥም ሳይሆን አይቀርም አለ። ጆብስ የፓተንት ክስ እንዳለና የሁለቱ ኩባንያዎች የገንዘብ አቅም እኩል እንዳልሆነ አስታወሰው። ኮሊጋን አልተበገረም። ፓልም ያኔ ከአፕል ጋር የማይወዳደር ትንሽ ኩባንያ ነበር።

ለእኔ የጉዳዩ ትልቁ ማስረጃ ግን ፌስቡክ ነው። በ2008 ጉግል ሠራተኞቹን ወደ ፌስቡክ እያጣ ነበር። ፌስቡክ ቅጥሩን እንዲገታ ተጠየቀ። የፌስቡክ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረችው ሸሪል ሳንድበርግ በኋላ ለፍርድ ቤቱ በሰጠችው ቃል እንዳረጋገጠችው፣ እምቢ አለች። ፌስቡክ መደወሉን ቀጠለ። ሰዉም መሄዱን ቀጠለ። በኖቬምበር 2010 ጉግል ለመላው ዓለም ሠራተኞቹ በሙሉ የ10 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አደረገ። ፌስቡክ ለሚፈልጋቸው ኢንጂነሮች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም።

የሁለቱን ልዩነት ልብ በሉ። ከአፕል ጋር ስምምነት ስለነበረ ለአፕሉ ኢንጂነር የጻፈው መልማይ ተባረረ። ከፌስቡክ ጋር ስምምነት ስላልነበረ የሁሉም ደመወዝ ከፍ አለ። ከተማው ያው፣ ሙያው ያው፣ ኩባንያውም ያው ጉግል ነው። የተለየው ተፎካካሪው እሺ ማለት አለማለቱ ብቻ ነው።

ፍርድ ቤት

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ነገሩን ደረሰበት። በሴፕቴምበር 2010 አፕልን፣ ጉግልን፣ ኢንቴልን፣ አዶቢን፣ ኢንቱዊትንና ፒክሳርን ከሰሰ፤ ሉካስፊልም በዲሴምበር ተከተለ። ኩባንያዎቹ እንዲህ ያለ ስምምነት ዳግም ላለማድረግ ተስማሙ። ቅጣት አልከፈሉም። ሠራተኞቹም ያገኙት ሳንቲም አልነበረም።

በ2011 አንድ የቀድሞ የሉካስፊልም ሶፍትዌር ኢንጂነር በራሱና በባልደረቦቹ ስም ክስ መሠረተ፤ ሌሎች 4 ኢንጂነሮች ተቀላቀሉት። ጉዳዩ ሳን ሆዜ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ሉሲ ኮ ዘንድ ደረሰ። ከላይ የጠቀስኳቸው ኢሜይሎች የታወቁት በዚህ ክስ ነው። ጆብስ በኦክቶበር 2011 ስላረፈ ቃሉን አልሰጠም፤ ቃሉን የሰጠው የተወው ኢሜይል ነው። በ2013 ዳኛዋ ከ64 ሺህ በላይ የቴክኒክ ሠራተኞች በአንድነት እንዲከሱ ፈቀደች። የከሳሾቹ ባለሙያ ጉዳቱን እስከ 3 ቢሊዮን ዶላር ገመተው። በሕጉ ይህ ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ኢንቱዊት፣ ፒክሳርና ሉካስፊልም ቀድመው በ20 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። አራቱ ትልልቆች ደግሞ ችሎቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ በኤፕሪል 2014፣ በ324.5 ሚሊዮን ዶላር ለመታረቅ ተስማሙ። የከሳሾቹ ጠበቆችም ተቀበሉ። ከአምስቱ ከሳሾች አንዱ ግን ይህ ለሠራተኛው ፍትሕ አይደለም ብሎ ለዳኛዋ ተቃውሞ ጻፈ።

ኦገስት ላይ ዳኛዋ ስምምነቱን ውድቅ አደረገችው። ሒሳቧ ቀላል ነው። ቀድመው የታረቁት ሦስት ኩባንያዎች የከሳሾቹን ጠቅላላ ደመወዝ 5 በመቶ ብቻ ነበር የሚሸፍኑት። ለዚያች 5 በመቶ 20 ሚሊዮን ከፍለዋል። እንግዲያው ለቀረው 95 በመቶ፣ በዚያው መጠን ቢሄድ እንኳ፣ 380 ሚሊዮን ይመጣል። ማስረጃው ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ጠንክሮ ሳለ ክፍያው ለምን ያንሳል? አለች። በውሳኔዋ ጆብስን የሴራው ማዕከላዊ ሰው አድርጋ አስቀመጠችው። በጃንዋሪ 2015 ኩባንያዎቹ 415 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ፤ ይኸኛው በዚያው ዓመት ጸደቀ። ጥፋት ፈጽመናል ብለው ግን አላመኑም።

415 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል። ለ64 ሺህ ሰው ተካፍሎ፣ የጠበቃ ወጪ ተቀንሶ፣ በነፍስ ወከፍ ከ5 ሺህ ዶላር ብዙም የማይዘል ነው። ክሱ የሸፈነው የ5 ዓመት ደመወዝ ነው። በዓመት አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ማለት ነው። በሲሊከን ቫሊ ይህ የአንድ ወር የቤት ኪራይ እንኳ አይሆንም። እውነቱን ለመናገር ያበሳጨኛል።

ጉዳዩ የሚያሳየውና የማያሳየው

ለኩባንያዎቹም ፍትሐዊ ልሁን። አንዳንዶቹ ስምምነቶች የመጡት በጋራ ከሚሠሩ ሥራዎች ነው፣ አጋር የሆነን ኩባንያ ሰው መንጠቅ ግንኙነት ያበላሻል ብለዋል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ፍትሕ ሚኒስቴሩ ግን ስምምነቶቹ ለየትኛውም የጋራ ሥራ ከሚያስፈልገው በላይ የሰፉ ናቸው አለ። አንድ ፕሮጀክት ላይ የሚሠሩ 10 ሰዎችን አለመንካት አንድ ነገር ነው። የሁለት ግዙፍ ኩባንያዎችን ሠራተኞች በሙሉ መከለል ሌላ ነው።

ሌላም ሐቅ አለ። ጆብስ የአንድ የአይፖድ ወይም የሳፋሪ ኢንጂነር መሄድ በእውነት አስጨንቆታል። እንዲህ ያለ ሰው ከመንገድ ላይ አይታፈስም። ለዓመታት አንድ ሥራ ላይ የበሰለ፣ የኩባንያውን ኮድ እንደ ጓዳው የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜም ጥቂት ነው። ስለዚህ «እጥረት የለም» ብዬ አልደመድምም። ጥቂት የበሰሉ ሰዎች ላይ ያለው ሽሚያ እውነት ነው። ትክክል ያልሆነው ይህንን ጠባብ ሽሚያ «የፕሮግራመር እጥረት» ብሎ በሰፊው ጠርቶ፣ ጀማሪው ሁሉ ይፈለጋል እንዲመስለው ማድረጉ ነው። በእነዚያ ኢሜይሎች ውስጥ ማንም ለትናንት ተመራቂ ሲጣላ አይታይም። ሁሉም የሚጣሉት ሌላው ላሠለጠነው ሰው ነው።

ከውጭ የሚመጣውን ባለሙያ እንደ ጥፋተኛ የሚያይም አለ። ይህ ጉዳይ እንደዚያ እንዲነበብ አልፈልግም። ቦክ ለምክር ቤቱ እንደተናገረው፣ ጉግል አሜሪካ ውስጥ ካሉት ሠራተኞቹ 8 በመቶ ገደማ በኤች ዋን ቢ የሚሠሩ ነበሩ። በድብቁ ስምምነት እነሱም ከሌላው እኩል ተጎድተዋል። እንዲያውም የበለጠ የታሰሩት እነሱ ናቸው። በዚህ ቪዛ ያለ ሰው ሥራ መቀየር ይችላል፣ ግን አዲሱ ቀጣሪ ወረቀቱን ሊያስገባለት ይገባል። ግሪን ካርድ እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ የጀመረው ሂደት እንዳይበላሽ ይሰጋል። ስለዚህ ብዙው ዝም ብሎ ይቀመጣል። በአደባባይ የሚጠየቀው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ የማይችል ተጨማሪ ሰው ነው። በጓዳ የሚደረገው ያለውም ሰው እንዳይንቀሳቀስ ነው። ሁለቱም የሚደርሱት አንድ ቦታ፣ ደመወዙ ላይ ነው።

በኦክቶበር 2016 ፍትሕ ሚኒስቴርና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ስምምነት በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አስታወቁ። ጩኸቱ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። በወረርሽኙ ዓመታት ኩባንያዎች ሰው አጣን እያሉ በገፍ ቀጠሩ። ከዚያ ሜታ በኖቬምበር 2022 ከ11 ሺህ በላይ፣ ጉግል በጃንዋሪ 2023 ወደ 12 ሺህ፣ ማይክሮሶፍት በዚያው ወር 10 ሺህ ሠራተኛ ቀነሱ። ሁሉም ፕሮግራመሮች አልነበሩም። ግን ብዙ ፕሮግራመሮች ነበሩበት፣ በቪዛ ያሉትም በ60 ቀን ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ወይም ሌላ መፍትሔ መፈለግ ነበረባቸው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ በጁላይ 2024 የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ይፋ ሆኗል። በነፃ ፕሮግራሚንግ የሚማር ወጣት ማየት ደስ ይላል፣ ትምህርቱም ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ሰርተፊኬት ወሰደ የሚለው ቁጥር በየጊዜው ይነገራል። ለሚማሩት ልጆች የሚያስፈልጋቸው ግን ሌላ ቁጥር ነው። ከጨረሱት መካከል በ6 ወርና በአንድ ዓመት ውስጥ በሙያው የተቀጠረው ስንቱ ነው? የጀማሪ ደመወዝ ካምናው ምን ያህል ጨመረ? «3 ዓመት ልምድ ያለው» ከሚሉት ማስታወቂያዎች ጎን ልምድ የሌለውን ወስደን እናሠለጥናለን የሚሉት ስንት ናቸው? አሠልጣኝ ተቋማትም፣ ባንኮችም፣ የሶፍትዌር ድርጅቶችም ይህን የማያወጡበት ምክንያት የለም። ልጁን ሊያስመዘግብ የሚመጣ ወላጅም ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ፊት ለፊት ይጠይቅ።